ለሉባባ ብቻ የሚሳብ ቁልፍ

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ውባንቺ አባተ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ የቤት እመቤት
አድራሻ፦ አሰብ፣ ካምቦ ሱዳን
ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ጉዳዩ፦ የአቶ ተክለጻድቅ ኃይለጊዮርጊስ ጊታር መበላሸት
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ስለሺ ደስታው

እዚህ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። ባለቤቴ ተክለጻድቅ የጊታሬን ዕቃ አውልቆ ሸጠብኝ ብሎ ስለከሰሰው፣ የራዲዮ ጠጋኙ ፈረጅ ከትናንት ጀምሮ መታሰሩን ሰምቼ ነው። ፈረጅ ምንም አልሸጠም። ያደረገውን ያደረገው እኔ አዝዤው ነው።

ባለቤቴ በወደቡ የመጋዘን ሠራተኛ ሲሆን በየሠርጉ ጊታር ይጫወታል። በፊት ዘፋኟ እኔ ነበርኩ። ልጅ ስወልድ ቦታዬን ሉባባ የምትባል ልጅ ያዘች። ጊታሩ ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚቀበል ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ድምፁ ወፍራም ነው። ሉባባ ከገባች በኋላ ባለቤቴ ፈረጅን ለምኖ አንድ ቁልፍ አሠራ። ቁልፉ ወደ ላይ ሲሳብ አንደኛው ጥቅል ይጠፋና ድምፁ ይቀጥናል፤ የዘፋኙንም ድምፅ አይሸፍንም፤ ማጉያውም በስሱ እምም ይላል። ቁልፉን ለማን እንደሚስበው ይጻፍልኝ። ወንዶቹ ሲዘፍኑ አይስብም። ሉባባ አፏን ስትከፍት ይስባል። ለእኔ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር አላሠራም። አንጀቴ አረረ። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

መስከረም ላይ እሱ ሥራ ሲገባ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልዬ ፈረጅ ሱቅ ወሰድኩ። ቁልፉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ጥቅሉን የሚነጥለውን ሽቦ ብቻ ፍታልኝ፤ ቢስበውም ድምፁ እንዳይለወጥ አልኩት። «እኅቴ፣ በባልና ሚስት ነገር አታስገቢኝ» አለኝ። ለምኜ ሽቦውን አስፈታሁት፤ ለማንም እንዳይናገር ደግሞ አደራ አልኩት። ታስሮም ስሜን ያላነሳው በዚያ አደራ ነው። ለሰው ሚስት ስም ብሎ የታሰረን ሰው ሌባ ማለት ነውር ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠርጎች ሁሉ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ጠበቅሁ። ተናዶ ሲመጣ የሆዴን ልነግረው አስቤ ነበር። እሱ ግን ቁልፉን ይስባል፤ ድምፁ እንደወፈረ ነው፤ ሉባባን እያየ ፈገግ ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልሰማም። እኔ ከዳር ሆኜ የሰማሁትን እሱ እጁ ላይ ይዞት አልሰማውም። ከመቅናትም በላይ ያኔ አፈርኩ።

ባለፈው እሑድ ሉባባ ሲብስባት ዘፈኑን አቋርጣ «ጋሼ፣ ጊታሩ እየዋጠኝ ነው እኮ» አለችው። ያን ጊዜ ደንግጦ ጊታሩን ፈታው፤ ሽቦው ተለያይቶ ቢያገኘው ፈረጅ ዕቃ ያወለቀበት መስሎት በማግሥቱ ከሰሰ። እኔም ስዘፍን ይህንኑ ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። የመለሰልኝ «ጮክ በዪ» ብሎ ነው።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ከአፌ እንደወጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሐሰት ቢገኝበት የምጠየቀው እኔ እንጂ ፈረጅ እንዳልሆነ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ውባንቺ አባተ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሃ/አ ስለሺ ደስታው