የተጠገነው ኮት

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ልብስ ሰፊ ወጣት ያወራሉ።

«ምነው ልጄ፣ የከፋሽ ትመስያለሽ?»

«ለእኛ ለነጋዴዎች ስልጠና ሰጥተውን ነበር፣ አባባ። ሥራችሁን በፌስቡክ አሳዩ፣ የበፊቱንና የአሁኑን ጎን ለጎን ለጥፉ አሉን።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«አንድ አባት ለልጃቸው የኒካ ጋብቻ የሚለብሱት የተቀዳደደ ኮት አምጥተው ጠገንኩላቸው። ከነቅዳዱ ለብሰውት ያነሳኋቸውን ፎቶ ለጠፍኩት።»

«አስፈቅደሻቸዋል?»

«አላስፈቀድኩም። ፎቶው ለልክ መስሏቸው ቀጥ ብለው ቆሙልኝ።»

«ሰው ምን አለ?»

«ብዙ ሰው ሲያየው ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የሚስቁት በእሳቸው ነው። አማቾቻቸውም አይተውታል። በኒካው ቀን የጠገንኩላቸውን ትተው የጎረቤት ኮት ተውሰው ለበሱ።»

«ፎቶውን አጥፊዋ።»

«እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ሰው ግን ተቀባብሎታል።»

«አሁን ወዴት ነሽ?»

«እሳቸው ቤት። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።»

«አብሽሪ። ዓይናቸውን እያየሽ፣ አጥፍቻለሁ በያቸው።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ ስልኬን አወጣሁና ፎቶውን ከራሴ ገጽ ላይ አጠፋሁት።