ስሙን የማላውቀው መሐንዲስ

በ1960 ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የበኩር ልጄ በማግስቱ በአውሮፕላን ወደ አሥመራ ሊሄድ ስለነበር እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቼ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በምትወርድ ሴይቼንቶ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቧ ከተቀመጠ ሰው ጋር ስታወራ ሰማሁ።

«ልጄ መሐንዲስ ነው፤ አውሮፕላን ይጠግናል።»

«ጎሽ! የት ተማረ?»

«ከመኪና ጋራዥ ነው የጀመረው። ኋላ ፈተና አልፎ አውሮፕላን ጥገና ገባ።»

«ታዲያ ይሳፈራል?»

«በእግዜር ስም ገዝቼው ነበር! መሬት ላይ ሆነህ ጠግን፣ እንዳትሳፈር ብዬ።»

«እሺ አለ?»

«አለ እንጂ! ውጭ አገር ለትምህርት ሲልኩት እንኳ በባቡርና በመርከብ ነው የሄደው።»

«ወይ ጉድ!»

«ሞተር ቀይረው አውሮፕላኑን ለሙከራ ሲያስነሡት መሐንዲሱ አብሮ ወደ ሰማይ ይወጣል። በእኔ ግዝት የተነሣ ጓደኛው ነበር የሚወጣለት። ባለፈው ሰሞን መጥቶ ‹እማዬ፣ እኔ ያልወጣሁበትን የሰው ልጅ እንዴት ላሳፍርበት?› አለኝ።»

«ምን መለሱለት?»

«የነፍስ አባታችን ዘንድ ይዤው ሄጄ ግዝቱን አስፈታሁ።»

«ወጣ?»

«ዛሬ ጠዋት ወጣ። እኔ እስኪወርድ ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልተነሣሁም። ተመስገን፣ በሰላም ወርዶ፣ ምሳውን በልቶ ተኝቷል።»

«እንግዲህ እርስዎንም ያሳፍርዎታል።»

«እኔን? ይህችም ታክሲ በዝታብኛለች! ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ!»

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ሸኝቼ ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብዬ ሁለት ጧፍ አበራሁ፤ አንዱን ለልጄ፣ አንዱን ስሙን ለማላውቀው ለዚያ መሐንዲስ።