ንጉሡ የቆመበት ምዕራፍ

መስታወት ቆራጩ ወደዚያ ቤት የገባው መስኮት ሊለካ እንጂ መጽሐፍ ሊያይ አልነበረም። ጠዋት የተነሣው ነፋስ የአንዲት መጽሐፍ አከራይ መስኮት ሰብሮባት፣ የሠፈሩ ሰው «እሱን ጥሪው፤ እጁ አይስትም» ብሎ ጠቆማት። ሰውየው ስድሳን ያለፈ፣ ጣቶቹ በጠባሳ የተዥጎረጎሩ፣ ሲናገር አጭር፣ ሲወስን ፈጣን ነው። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ሲጠሩት አያቅማማም፤ ቤት መዋል ይከብደዋልና።

ልኩን ጽፎ ቀና ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። በየጀርባቸው ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ የተሳለባቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ዘንዶውን ያውቀዋል። ሚስቱ በምሳ ሰዓት የሥራ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ የምታነበው እሱን ነበር። ባያት ቁጥር «በዚህ ዕድሜሽ ተረት?» ይላት ነበር።

«ይህን ለሰው የምታከራዪው አንቺ ነሽ?» አላት።

አከራይዋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በተማረችበት ሥራ ስታጣ የገዛ መጻሕፍቷን ማከራየት የጀመረች ወጣት ናት። የጎደለውን የወሰዱት አንዲት እናት መሆናቸውን፣ እሑድ ከሰዓት አንባቢዎች እዚሁ ሲወያዩ ከሁሉ ቀድመው ይመጡ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ አሁን ግን እንደጠፉባት ነገረችው። ሥራቸው ከባላቸው ጋር የመስታወት ሥራ ነው ማለት ጀምራ የሰውየውን ሜትር ስታይ አቋረጠች።

«ሞታለች» አላት።

ልጅቷ ደንግጣ ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ሚስቱ እሑድ እሑድ እህቷ ዘንድ የምትሄድ ይመስለው ነበርና፣ ከሞተች በኋላ የተደበቀበትን ማወቁ ቆረቆረው። የፈለገው አጽናኝ ሳይሆን የሚከራከረው ሰው ነበር።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ ልጄ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሠላሳ ዓመት ቤት ያቆመች ሴት ናት። ዘንዶና አስማት ምን ያደርግላታል?»

«አባቴ፣ ለዘንዶው ብሎ የሚመጣ የለም። የሚመጡት ለባልና ሚስቱ ነው።»

ታሪኩንም አጫወተችው። ነፋስን የሚያዝ ንጉሥ አለ፤ የድንጋይ ድምፅ የምትሰማ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ያገባል። እሱ ከእግሩ በታች ያለውን አያውቅም፤ እሷ ከፊቷ የሚመጣውን ማዕበል መመለስ አትችልም። በሦስተኛው መጽሐፍ ጦሩን ይዞ በገደል ሥር ሊያልፍ ሲል «ሊናድ ነው» ትለዋለች። መኳንንቱ ይስቃሉ። እሱም በልቡ አላመናትም፤ ግን ጦሩን አቁሞ የሰማሽውን ንገሪኝ ይላታል። በአምስተኛው ደግሞ ተራው የእሷ ነው። በወንድሟ ሞት ነድዳ አንድ ከተማ ልታጠፋ ስትነሣ እሱ «ተይ» ይላታል፤ እሷም እያለቀሰች ትሰማዋለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ቤት አይቆምም። አንድ መኪና ሁለት ሰው ከነዳው ገደል ይገባል።»

«መሪውን የያዘው አንድ ሰው ይሁን ግድ የለም። አጠገቡ ያለው ሰው ገደሉን አይቶ ሲነግረው ግን ጆሮውን መድፈን አለበት? አንባቢዎች እነዚህን ሁለቱን የሚወዷቸው አንዱ ሲገዝፍ ሌላው ስለማያንስ ነው። ንጉሡ ስለሰማት ዘውዱ አልወደቀም።»

«ደራሲ እንዳሻው ይጽፋል። ተረት ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። «እትዬም ይህንኑ ብለው ነበር። ስለዚያ ምዕራፍ ስናወራ ‹ዘንዶውስ ይሁን፤ የሚቆም ባል ግን ከየት አመጡት?› አሉ። ሁላችን ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። በኋላ ግን ተከታታዩን ጨርሰው ሳለ ያንኑ ሦስተኛውን መልሰው ወሰዱት።»

ሰውየው ያኔ ተቀመጠ። ለዘመድም ለጎረቤትም ያልተናገረውን ለማያውቃት ልጅ ተናገረ። በሥራ ቤቱ ትልልቁ መስታወት የሚደገፍበት የእንጨት ቋሚ ነበር፤ እግሩ በእርጥበት በስብሷል። ሚስቱ አንድ ቀን ነገረችው፤ ሌላም ቀን ነገረችው። ለሦስተኛ ጊዜ በደንበኛ ፊት ስትነግረው አፈረና «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» አላት። በማግስቱ ስትጠርግ ቋሚው ተሰብሮ መስታወቱ ሁሉ በላይዋ ወረደ። ለቀባሪው ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው ሲል ከረመ።

«ቀኗ አልደረሰም ነበር» አላት። «ነግራኛለች። ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።»

ልጅቷ የሚያጽናና ቃል ሁሉ ሐሰት መሰላት። ይልቅ ቤት ውስጥ ማን እንደቀረ ጠየቀችው። አብራው የምትሠራ ሴት ልጅ እንዳለችው ነገራት።

«እንግዲያው እሷም መጥረጊያዋን ይዛ እንዳትቀር» አለችው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ሚስቱን አልመታም፣ አላስራበም፣ በሌላ ሴት አልቀየረም። የበደላት በጆሮው ነው። እንዲህ ያለውን በደል ዳኛ አይጠይቅበትም፤ ስለዚህም በየቤቱ በዝቶ ይኖራል።

ሥራ ቤቱ ሲደርስ ሴት ልጁ የመስታወት ጠርዝ በማሽን ታለሰልስ ነበር። ጠዋት፣ በማግስቱ ስለሚሰቀለው የሱቅ መስታወት ልትናገር አፏን ስትከፍት «አውቃለሁ» ብሎ አቋርጧታል። አሁን «ጠዋት ልትይኝ የነበረው ምንድን ነው?» አላት። ወቀሳ መስሏት ማሽኑን አጠፋች። ደግሞ ሲጠይቃትም፣ ተጠይቃ ስለማታውቅ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቷት ነበር።

በመጨረሻ መስታወቱ ለሁለት ሰው እንደሚከብድ፣ አራት እንደሚያስፈልግ፣ ነፋሱም እስኪበርድ መቆየት እንዳለበት አስረዳችው። በገመዱ አስተሳሰር ላይ ግን ተሳስታ ነበርና አረማት፤ እሷም ተቀበለች። ለደንበኛው ደውሎ ቀኑን አዛወረ። ደንበኛው አጉረመረመ። በማግስቱ ነፋሱ በዚያ ጎዳና ላይ ቆርቆሮ ሲገነጥል ዋለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሥራ ቤት የአንድ ሰው ሐሳብ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። የሚሰበረው ዕቃ ቀነሰ፤ ጣቱን የተቆረጠ ሠራተኛ የለም፤ ልጅቱም አባቷ ፊት ቀና ብላ ትናገራለች። መደማመጥ የቤትን ራስ አያስቆርጥም፤ ሌላ ዓይን ይጨምርለታል እንጂ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሥራ ቤቱን ሲዘጉ ልጁ ፊቷን ሳትመልስ «እናቴንም እንዲህ ጠይቀሃት ቢሆን» አለችው።

ዱሮ ቢሆን ጠረጴዛ ይመታ ነበር። አሁን ግን የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ።

«በሕይወት ትኖር ነበር» አላት።