ሳይሰፈር የተሸጠው የተማሪ ቀለብ

በጥር ወር አንድ አርብ፣ አርብ ገበያ ላይ ባቄላ ልሸምት ወጥቼ ዋጋው አናደደኝ። አስተማሪ ባቄላ አይብላ የተባለ ይመስላል! እያጉረመረምኩ ልመለስ ስል አባ ወልደ ሰንበትን ከእህል ተራው ዳር ቆመው አየኋቸው። አባ እኔ ያደግሁባት የገጠር ደብር ገበዝ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ደበሎ የለበሱ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ሲለምኑ ያዳምጣሉ።

«ከየት ደብር ናችሁ ልጆቼ?» አሏቸው።

«ከስማዳ ነን አባታችን።»

«ከስማዳ…» አሉ አባ። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ሰጧቸውና ከዓይናቸው እስኪሰወሩ ተመለከቷቸው።

ሐዘናቸው ገብቶኛል። የደብራችን ተማሪዎች ባለፈው ሐምሌ ቀለብ አልቆባቸው ተበትነዋል፤ መምህራቸው የኔታም ወደ ቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ሄደዋል። ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው። እኔ ራሴ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ማለዳ ስነሣ ያ የልጅነቴ የዜማ ጩኸት የለም።

ሰላምታ ስንለዋወጥ የመንደራችን ሰው የአቶ አበጀ ልጅ ደጊቱ ደረሰች። ደጊቱ ባሕር ዳር የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ በየዓመቱ ለተማሪ ቀለብ እህል ይገዛ የነበረው የተወላጆች ማኅበር የላከውም እሷን ነው። መስቀል ተሳልማ ብዙ ሳትቆይ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባቴ፣ ማኅበሩ አምና የሰጠው ገብስና ምስር ስንት ቁና ነበር? ስንቱ ለተማሪ ወጣ?»

«እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።»

«እሱማ ያውቃል። እኛ ግን ለሰጪዎቹ ምን እንበል?»

አባ ፊታቸውን አጠቆሩ። «እኔን ሌባ ልትይኝ ነው የመጣሽ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ይቅር ይበለኝ! እርስዎን ሌባ የሚል አፍ የለም። መዝገቡ ቢኖር እኮ ጠበቃነቱ ለእርስዎ ነው። ነገ ቢደክሙ ንጽሕናዎን ማን ይመሰክራል?»

«ስሚ ልጄ። አባቴ አውድማ ላይ ቁጥር ከአፉ አይወጣም ነበር። የተቆጠረ እህል በረከቱ ይሸሻል። ደግሞስ ምጽዋት በስውር ነው፤ እከሌ ይህን ሰጠ ብዬ ልለፍፍ?»

እኔ መቼስ አፌ አያርፍም፤ «አባ፣ ሳይቆጠርስ መቼ በረከተ?» ልል ነበር፤ ደጊቱ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

«የሰጪው ስም በስውር ይቆይ፤ የገባውንና የወጣውን ብቻ እንጻፍ» አለች። «በአውድማ አለመቁጠሩንም አውቃለሁ፤ የእኔም አባት አይቆጥርም። ግን በሰኔ ዘር ሲያወጡ ይሰፍራሉ አይደል?»

«ዘርማ ይሰፈራል! ሳይሰፈር እንዴት ይሆናል? ማሳው ሳያልቅ ዘሩ ቢያልቅስ?»

«ታዲያ የተማሪ ቀለብ ምርት ነው ዘር?»

አባ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ «አምና ከቀለቡ ተሽጧል ሲባል ሰማን።»

«አዎ፣ ሸጫለሁ! የመቅደሱ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ቆርቆሮ ገዛንበት። ይህም ለእግዚአብሔር ቤት ነው።»

«ለጣሪያ ብለው ቢጠይቁን ለጣሪያ እንሰጥ ነበር። ያ እህል ግን ለልጆቹ አፍ የተሰጠ ነው። ሲሸጡት የሚቀረው እስከ መስከረም ያደርሳል ብለው ነበር?»

አባ ወልደ ሰንበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ብዙ መሰለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ክምሩን ሳየው ብዙ ነበር። ሰፍሬው ቢሆን ኖሮ… ወይኔ ልጆቼን! በዚያ ዝናብ ደበሏቸውን ተከናንበው ሲወጡ በር ላይ ቆሜ አየሁ እኮ። አሁን ጣሪያው አያፈስም፤ ከሥሩ ግን የሚያዜም የለም። ማለዳ ነቅቼ ድምፃቸውን እጠብቃለሁ። የምሰማው ንፋስ ነው።»

እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ገበያተኛው እያየን ያልፋል። ደጊቱ ነጠላዋን ሰብስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የኔታ ቀለቡ እስከ መስከረም እንደሚያደርስ ካወቅን እንመለሳለን ብለዋል፤ ጠይቄያቸው ነው የመጣሁት» አለቻቸው። «ዘንድሮ ከገበሬው የገባውን እንስፈረው?»

«እንስፈረው። ቁጥሩን ግን አታስጩሁብኝ።»

በማግስቱ ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። አባ ራሳቸው በቁና እየሰፈሩ ዝም፤ እሷ እየጻፈች ዝም። እኔም ጆንያውን ይዤ፣ ጉድ ነው፣ ዝም አልኩ። ሲያልቅ ደጊቱ አሰላችና እህሉ ዘጠኝ ተማሪ እስከ መስከረም እንደሚያሳድር ነገረቻቸው።

«ዘጠኝ ብቻ? ድሮ እኮ ግቢው ይሞላ ነበር።»

«አዎ አባቴ፣ ዘጠኝ። ግን የማይበተኑ ዘጠኝ።»

የኔታ በየካቲት ዘጠኝ ልጆች አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህ በአባ ፈቃድ የገባውና የወጣው በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል፤ የጣሪያ ገንዘብ ለብቻው፣ የተማሪ ቀለብ ለብቻው ይያዛል፤ ቁልፉም ለሁለት ሰው ሆኗል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰውን መጠራጠር አይደለም። ሰጪው የሰጠው የት እንደደረሰ ሲያውቅ እጁ ይፈታል፤ ጠባቂውም ከሐሜት ያርፋል፤ እጥረቱ ከመድረሱ በፊት ስለሚታወቅ ዘዴ ይፈለግለታል። ማኅበሩም ንባቡን በስልክ እየሰማ መስጠቱን ቀጠለ፤ ዘጠኙ ተማሪዎች ሰኔ ላይ አሥራ አራት ደረሱ።

በሐምሌ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት በሚደርስበት ወቅት፣ ማለዳ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ዝናቡ ያካፋል። አባ ወልደ ሰንበት ከተማሪዎቹ ጎጆ ኋላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከውስጥ ዜማው ይሰማል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል።

«አባ፣ በዚህ ዝናብ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«ዝም በል አንተ!» አሉኝ እጃቸውን እያወዛወዙ። «እየቆጠርኩ ነው።»

ጆሯቸውን ወደ ጎጆው አዘንብለው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሥራ አራቱም አሉ» አሉ።