የእማማ ዘይነባ ታካሚዎች

ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ደብረ ብርሃን ሥራ እንደጀመርኩ፣ እማማ ዘይነባ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ከቆላው ከአልዩ አምባ መጡ። ትከሻቸው ደርቆ፣ ሻሻቸውን እንኳ የምታስርላቸው ልጃቸው ነበረች። ጣቶቻቸውን በግድግዳ ላይ ቀስ እያሉ ሽቅብ እንዲያስኬዱ አሳየኋቸውና «ቤትዎም ጠዋት ማታ ይሥሩት» አልኳቸው። «መርፌውስ?» አሉ። «መርፌ የለውም፣ እማማ።» «ክኒኑስ?» «እሱም የለውም።» «ወላሂ! ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ግድግዳ ልዳብስ ነው?» ብለው ተቆጥተው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። እኔም ሥራዬን ማን ይረዳልኛል ብዬ ከፋኝ።

ከወራት በኋላ አልዩ አምባ ወርጄ በገበያው ሳልፍ፣ ሴቶች ተደርድረው የሱቅ ግድግዳ በጣታቸው ይወጣሉ። እማማ ዘይነባ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «እንዲህ! ቀስ በሉ!» ይላሉ። በደስታ ልጮህ ስል የአንደኛዋን ክንድ አየሁት፤ አብጧል። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ትናንት ከበቅሎ ወድቄ» አለች። «ተይ፣ ተይ! ስብራት ሊሆን ይችላል!» ብዬ አስቆምኳት፤ ክንዷን በነጠላ አሰርኩና ወደ ሆስፒታል ይዣት ልወጣ ተነሣሁ። እማማ ዘይነባ ደንግጠው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ የትኛዋን እኔ ላሠራ፣ የትኛዋን ላንቺ ልላክ? አሳዪኝ እንጂ!» አሉኝ። እየተቻኮልኩም ቢሆን አሳየኋቸው። ዛሬ ዛሬ ከቆላ የመጣ ታካሚ «ማን ላከህ?» ስለው፣ ብዙውን ጊዜ «ዘይነባ» ይለኛል።