ድንጋይን ከጭቃ፣ መስታወትን ከቀርከሃ ያስማሙት የአቶ ይርሳው ላቀው ዜና ሕይወት

ካህናት አባቶቼ፣ ከቡሬ፣ ከጅጋ፣ ከቋሪትና ከዚሁ ከፍኖተ ሰላም የተሰበሰባችሁ ወገኖቼ፣ የወንድሜን የአቶ ይርሳው ላቀውን ታሪክ አንብቤ እስክጨርስ ጸጥ በሉልኝ። የእድራችን ጸሐፊ ያዘጋጀው ሌላ ጽሑፍ ነበር፤ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ቅን» ይላል፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ስሙን ብቻ ለውጠን ባለፈው ወር ለቀበርነው ሰው ያነበብነው ስለሆነ፣ ይህን እኔ ታላቅ እህታቸው ያምሮት ላቀው፣ በመሠረተ ትምህርት በለየሁት ፊደል፣ ራሴ ጻፍኩት። በቤት ውስጥ አንተ እያልኩ ያሳደግኋቸውን ሰው ዛሬ በአደባባይ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል።

አቶ ይርሳው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ውበቱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቱ አለነ፣ በቋሪት ወረዳ ከገበዝ ማርያም ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር፣ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቤት ይሠሩ ነበር ብዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ አልዋሽም፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከዛፍ ይወድቁ ነበር። አባታችን ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ፤ እርሳቸው በሕመም ሲያርፉ እናታችን መሬቱን የእኩል ሰጥተው፣ እኛን ይዘው ወደ ጅጋ ወረዱና በገበያው ዳር ባለች ጠባብ የጭቃ ቤት ጨውና በርበሬ እየሸጡ አሳደጉን።

ወንድሜ ፊደልና ዳዊት ከመንደራችን ቄስ ተምረው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጅጋ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በፍኖተ ሰላም ከፈጸሙ በኋላ፣ ባሕር ዳር ገብተው የሕንፃ ሥራ ትምህርት አጥንተው በማዕረግ ተመረቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ሄደው በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ኖሩ። የሠሯቸውን ረጃጅም ፎቆች በፎቶግራፍ አሳይተውን ነበር፤ እናታችን አይተው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ መስታወት ነው፤ ሰው የቱ ጋ ነው የሚደገፈው?» ብለው ጠየቋቸው። ኋላ እንደነገሩኝ ይህን ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ ተመልሰው ብዙ ጊዜ አስበውበታል።

በ1999 ዓ.ም. ወደ አገራቸው መጡ። ያን ጊዜ በከተማችን ቤት ሠራሁ የሚል ሰው ሁሉ ፊቱን በሴራሚክ ሸፍኖ፣ መስኮቱን ሰማያዊ መስታወት አድርጎ፣ ኮርኒሱን እንደ ልደት ኬክ በጂፕሰም አበባ ያስጌጥ ነበር፤ ያደረጋችሁት እዚህ ስለቆማችሁ ስም አልጠራም። እርሳቸው ግን ድንጋይ ድንጋይነቱ፣ እንጨት እንጨትነቱ ይታይ የሚሉ ሰው ነበሩ። ጥቁሩን ጥርብ ድንጋይ ከሰፊ መስታወት ጎን ማቆም፣ የዋንዛ በር በብረት ማቀፍ፣ ሳሎኑን ከአዊ በመጣ ቀርከሃ መኮርነስ፣ በተወለወለው የሲሚንቶ ወለል ላይ እንደ ድሮው የጭቃ መደብ መሥራት፣ ይህ ነበር ሐሳባቸው። ለስላሳው የሚያምረው ሻካራው ሲጎራበተው ነው ይሉ ነበር። ሰውስ ምን አላቸው? አንድ የከተማችን ሰው ንድፉን አይተው «ከጭቃ ቤት ለመውጣት ዕድሜዬን ለፍቻለሁ፤ አንተ መልሰህ ልትከተኝ ነው የመጣኸው?» ብለው አባረሯቸው። ሌላው ደግሞ በየጠጅ ቤቱ «ኢንጂነሩ ቤት ጀምሮ መጨረስ አያውቅም፤ ድንጋዩን ሳያለብስ ይሄዳል» እያሉ አስወሩባቸው። ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ።

በዚህ መካከል የአዲስ አበባው ቢሮ ለገና እንዲመለሱ ጠራቸው። አቶ ይርሳው የቀራቸውን አቅም ሁሉ አሟጠው፣ ጅጋ ያለችውን የእናታችንን የዘመመች ቤት አፍርሰው፣ በዚያው ቦታ እንደ ልባቸው አንድ ቤት ሠሩ። እኔ በዚያን ጊዜ ዱርቤቴ ባል አግብቼ እኖር ነበርና ልጠይቃቸው ብመጣ፣ በእናታችን ፊት «እታለም፣ ይህን ቤት አይቶ እንዲህ ያለ ሥራልኝ የሚል አንድ ሰው ካልተገኘ በገና እሄዳለሁ፤ ከሄድኩም ተመልሼ እዚህ አልኖርም» አሉኝ። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ የያዙትን ጉርሻ ወደ መሶቡ መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው፤ ልጃቸው ግን ቅር እያላቸው እንዲቀሩላቸው ስለማይፈልጉ ቅሩልኝ አላሉም።

አይተው ይፈልጉት ይሆናል ተብሎ የተጠበቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እነሆ ከፊቴ የቆሙት የቡሬው ነጋዴ አቶ አድማሴ። ቡሬ ላይ ትልቅ ቤት ሊሠሩ አስበው ነበርና፣ ኅዳር ጽዮን ሊውል ሲል ወንድሜ ሊያመጧቸው ወደ ቡሬ ሄዱ። እናታችን ደግሞ የጽዮን ጽዋ ማኅበር ተራቸው ደርሶ ነበር። እንግዲህ የማኅበርተኛው ሴቶች ቤቱን ሊያዩ ቢመጡ ግድግዳው ድንጋይ ብቻ፣ ልስን የለው፣ ቀለም የለው። በአገራችን ያልተለሰነ ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ባለቤቱ አቅም አጥሮት አቋርጦታል ማለት ነው። አዘኑ። እናታችንም ልጃቸው በእርግጥ አቅም ያነሳቸው መሰላቸው። የማኅበሩ እመቤት ወይዘሮ ንግሥቴ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እየሰሙኝ ነው፣ በማግሥቱ ሴቶቹን ሁሉ ለደቦ ጠሩ፤ ጭዱ መጣ፣ እበቱ መጣ፣ ጭቃው ተረገጠ፣ የዚያ ሁሉ ልፋት ፍሬ የነበረው ጥቁር ድንጋይ በእልልታ መለሰን ጀመረ።

አቶ ይርሳው እንግዳቸውን ይዘው ከመኪና ሲወርዱ፣ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ከነድንጋዩ ጠፍቷል። ሴቶቹ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው ቆመዋል። ወይዘሮ ንግሥቴ ምስጋና ጠብቀው ቢያጡ «አንተ ይርሳው! መስታወት መግዣ አግኝተህ ጭቃ አጣህ? እኛ እያለን እናትህ ድንጋይ እያፈጠጠባት ማኅበር ታስገባ?» አሏቸው። እናታችን የልጃቸውን ፊት አይተው የሆነውን ያን ጊዜ ተረዱት፤ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። አቶ አድማሴም «ይህ ነው አዲሱ ነገርህ?» ብለው ሳቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። ወንድሜ ግን ግድግዳውን ትኩር ብለው አዩት። የሴቶቹ ጣት በእርጥቡ ጭቃ ላይ ያለፈበት እንደ እርሻ ትልም ተሰምሮ፣ ከሰፊው መስታወት የሚመለሰው የከሰዓት ፀሐይ በላዩ ላይ ያርፍበታል፤ ከበሩ በስተግራ ደግሞ ገና ያልተነካው ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ድንገት «እማማ ንግሥቴ፣ እጅዎን ያንሱ! ከዚህ አንዲት ጣት አይለፉ!» ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ንግሥቴም «ልስን ሳያልቅ እጅ አይታጠብም!» ቢሉ፣ «አይታጠቡ፤ እንዲሁ ይቁሙልኝ» አሏቸው። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ገመድ ወጥረው፣ በግንበኛ ማንኪያቸው የጭቃውን ዳር ከበሩ አጠገብ ቀጥ አድርገው ቆረጡት፤ ወደ ድንጋዩ የተፈናጠረውንም በውኃ አጠቡት። በአንድ ግድግዳ ላይ ድንጋዩ ጨለማ፣ ጭቃው ብርሃን፣ መካከላቸው ባለ መስታወት በር ሆኖ ቆመ።

አቶ አድማሴ ሳቃቸውን ትተው አንድ ጊዜ ድንጋዩን፣ አንድ ጊዜ ጭቃውን እየነኩ ተመላለሱ፤ የኮታቸው እጅጌ ጭቃ ሆነ። ኋላም «ይህንኑ ቡሬ ላይ ሥራልኝ፤ ግን ግድግዳውን ብቻ አልቀበልም፤ ሴቶቹንም ጨምረህ ነው» አሉ። ወይዘሮ ንግሥቴ ከወዲያ ሆነው «እኔ ባለትዳር ነኝ!» ቢሉ የጅጋ ገበያ ሁሉ ሳቀ። ማኅበሩ ግድግዳው ሳይደርቅ ገባ፤ የማኅበርተኛው ነጠላ ሁሉ ጭቃ ነካው፤ እናታችን ግን ከስንት ቀን በኋላ በሉ። ወንድሜ ለአዲስ አበባው ቢሮ አልመጣም ብለው ደወሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። የአቶ አድማሴን ቤት የሚያይ ሰው ከሩቅ እየመጣ መንገዱን ዘጋው። ጥርብ ድንጋይ ጭቃ አልይዝ ቢላቸው መጋጠሚያውን በጥልቀት እየፈለፈሉ፣ ፊቱን እያሻከሩ፣ ጭቃውንም ከጭዱ ጋር እያቦኩ አቆይተው የማይሰነጠቅ ልስን አወጡ። በየዓመቱ ከመስቀል በፊት የራሳቸውን ቤት ብቻ ሲለስኑ የኖሩት የጽዮን ማኅበር ሴቶች፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ባለ ፎቅ ቤት ሳሎን እየለሰኑ ልጆቻቸውን አስተማሩ። ያንን ከጭቃ ቤት ወጣሁ ያሉትን ሰውዬ ታስታውሳላችሁ? ሁለት ጊዜ ደጅ ጠንተው ነው የተሠራላቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኛል።

አቶ ይርሳው ዘግይተውም ቢሆን የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ከወይዘሮ ውዳሴ ጋር በ2002 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ባለ መስታወት ቤታቸውን ሠሩ። ወይዘሮ ውዳሴ «በዚህ ሁሉ መስታወት ጎረቤት ወጥ ስቀምስ ያየኛል፤ መጋረጃ ይሰቀል» ሲሉ፣ እርሳቸው መጋረጃ ሞቴ ነው ብለው ተኮራርፈው፣ በመጨረሻ በስንጥቅ ቀርከሃ የሚዘጋ የሚከፈት መከለያ ሠርተው ታረቁ፤ ዛሬ በየቤታችሁ የምታዩት መከለያ የዚያ ጠብ ልጅ ነው። እግዚአብሔርም ምሕረትንና እንድሪያስን ሰጣቸው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የልብ ሕመም ጸናባቸውና ወደ አዲስ አበባ ወሰድናቸው። ሐኪሞች ከቅርብ እንዲከታተሏቸው እዚያው እንዲቀመጡ መከሯቸው፤ ወዳጆችም ቤት አዘጋጁላቸው። ክረምቱን ቆይተው ግን «እዚህ የምቆየው ለመቆየት ብቻ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ያልጨረስኩት ሥራ አለ» ብለው ተመለሱ። ያስተማሩት ግንበኛ ወንድምአገኝ ለራሱ የሚሠራውን ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው እየተቆጡ እስከ ኮርኒሱ አስጨረሱት፤ ትናንት ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው፣ ወይዘሮ ውዳሴ እጃቸውን እንደያዟቸው በቤታቸው ዐረፉ።

አዲስ አበባ ቢቀሩ ኖሮ ዕድሜ ይጨምሩ ነበር የምትሉ አላችሁ፤ ከኋላ ስታንሾካሹኩ እሰማለሁ። ይጨምሩ ይሆናል። ግን ወንድሜ የት እንደሚኖሩ አንድ ጊዜ ወስነው ጨርሰው ነበር፤ ሞት መጣ ብለው ሐሳባቸውን አልቀየሩም። በዚህ እኮራለሁ። ዕንባዬን አትዩት፤ ሰው እያለቀሰም ይኮራል።

አቶ ይርሳው ቀድመዋቸው ወዳረፉት እናታችን ሄደው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውዳሴን፣ ልጆቻቸውን ምሕረትንና እንድሪያስን፣ እኔን እህታቸውን፣ ሙያቸውን ያወረሷቸውን እነ ወንድምአገኝን፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ያቆሟቸውን ወይዘሮ ንግሥቴንና ጓደኞቻቸውን ትተውልናል። ለእናንተ ሲሉ ከትልቅ ከተማ ቀርተው፣ ስትስቁባቸውም ሳይቀየሟችሁ የኖሩትን እኚህን ሰው፣ የሁላችን አምላክ ማንም ተነሥ፣ ሂድ ከማይልበት ስፍራ አስቀምጦ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም አሳዳጊ ይሁንላቸው። አሜን በሉ። እዚያ ዳር የቆማችሁም ጭምር።