የመጋዘኑ አፍንጫ

(ጠዋት፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ የግል ክሊኒክ ውስጥ፤ የእህል መጋዘን ኃላፊው ጋሽ ይርሳው ከሐኪሟ ከውባለም ፊት ቆመው ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል።)

ይርሳው፦ አልቀመጥም አልኩሽ እኮ! አንዲት መርፌ ወግተሽ ልቀቂኝ። አፍንጫዬን የሚከፍት ብቻ።

ውባለም፦ ጋሽ ይርሳው፣ እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ቁልፍ ሠሪ አይደለሁም። ሳላይ አልወጋም።

ይርሳው፦ ምኑን ታዪዋለሽ? ሳይነስ ነው። የታወቀ ሳይነስ!

ውባለም፦ በዚህ ከተማ አንዴ ያስነጠሰው ሁሉ ሳይነስ አለብኝ ይላል። ይልቅ እንዲህ ያስቸኮለዎት ምንድን ነው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?

ይርሳው፦ መጋዘኑ ነዋ! የነቀዝ መግደያ ክኒን ገብቶበት በሸራ ታሽጎ ሰንብቷል፤ ዛሬ መከፈቻው ነው። መኪናው ቆሟል፣ ባለቤቱ ይጮኻል፣ ሁሉም የሚያየው የእኔን አፍንጫ ነው።

ውባለም፦ አፍንጫዎን? ለምን?

ይርሳው፦ የት አገር ነው ያለሽው? «የመጋዘኑ አፍንጫ» እኮ ነው ስሜ። በሩ ሲከፈት ቀድሜ ገብቼ የማሸተው እኔ ነኝ። ያ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ የክኒኑ ሽታ ካለ ማንም አይገባም። ከሌለ «ግቡ» እላለሁ፣ ይገባሉ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብረን ስንሠራም እንዲሁ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ ከእኔ አፍ ሳይሰሙ አንድ ጆንያ አይነኩም።

ውባለም፦ አሁን እየጠበቁዎት ነው?

ይርሳው፦ አሉ፣ እዚያው ናቸው። ቶሎ በይ እንጂ!

ውባለም፦ በዚያ ክኒን ጋዝ የታፈነ ሰው መጥቶልኝ ያውቃል። ማርከሻ የለውም። የማደርግለት አጥቼ እጁን ይዤ ነው የተቀመጥኩት፣ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ። ስለዚህ እርስዎም ይቀመጡ።

ይርሳው፦ ምን ሟርት ነው በጠዋት! … በይ፣ ተቀመጥኩ።

ውባለም፦ መቼ ነው የጀመረዎት?

ይርሳው፦ ድሮ በመስቀል ሰሞን ብቻ ነበር። አበባው ሲፈነዳ ዓይኔን ያሳክከኛል፣ በላይ በላዩ አስነጥሳለሁ። ባለቤቴ «ይማርህ» ማለቱ ሰልችቷት ተወችው።

ውባለም፦ ያ አንዱ ዓይነት ነው። የአበባው ብናኝ የማይስማማው ሰው፣ ወቅቱ ሲያልፍ እሱም ይተወዋል። ከዚያስ?

ይርሳው፦ ከዚያማ መጋዘን ገባሁ። እህል ሲገለበጥ አቧራው ይነሳል፣ አፍንጫዬ ምንጭ ይሆናል። እሑድ ቤቴ ስውል ግን ደህና ነበርኩ።

ውባለም፦ ይህ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሥራ የሚያመጣው። ብርድ ወይም ጢስ ሲነካው ብቻ የሚፈስም አለ፣ አለርጂም አይደለም። ጠብታ ሲያበዙበት ደግሞ ጭራሽ የሚደፈን አለ።

ይርሳው፦ አንድ አፍንጫ ይዤ መጥቼ ስንት በሽታ ልትቆጥሪልኝ ነው? ጠብታውንማ ስጨርስ እገዛለሁ፣ ስጨርስ እገዛለሁ።

ውባለም፦ ማን አዘዘልዎት?

ይርሳው፦ ጎረቤት።

ውባለም፦ ጎረቤት የማያዝዘው ምን አለ! እሺ፣ አሁንስ እሑድ እሑድ ይተውዎታል?

ይርሳው፦ አይ፣ እሑድም ያው ነው። ማስነጠሱም ቀርቷል። ዝም ብሎ ተደፍኗል።

ውባለም፦ ቀና ይበሉ፣ በመብራት ልየው። … ወደዚህ ዞር። … በዚህኛውም አለ።

ይርሳው፦ ምን አለ? ምነው ፊትሽ ተለወጠ?

ውባለም፦ ሥጋ በቅሏል፣ በሁለቱም በኩል። የተላጠ ወይን ይመስላል። ጋሽ ይርሳው፣ ደረትዎስ እንዴት ነው?

ይርሳው፦ ደረቴ ምን ሆነና!

ውባለም፦ ሲር ሲር ሲል እዚህ ድረስ ይሰማኛል እኮ።

ይርሳው፦ ሮጬ መጥቼ ነው።

ውባለም፦ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት የሚነቁትም ሮጠው ነው?

ይርሳው፦ ማን ነገረሽ? ባለቤቴ መጥታ ነበር?

ውባለም፦ አሁን እርስዎ ነገሩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።

ይርሳው፦ እንደዚያ የሚሉት አስም የሌለባቸው ናቸው! … ይኸው፣ አስለፈለፍሽኝ። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይህ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። አስም አለበት ከተባለ ማን መጋዘን ያስይዘኛል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ውባለም፦ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥተውዎት አያውቁም?

ይርሳው፦ ሰጥተውኝ ነበር። አንዴ ከጀመሩት እስከ መቃብር ነው ሲሉኝ ጣልኩት።

ውባለም፦ እንዲህ እያሉ ስንቱን ቀበሩት! ለራስ ምታትስ ምን ይውጣሉ?

ይርሳው፦ አስፕሪን ነበር። አንድ ቀን ውጬው ደረቴ ጥርቅም አለና ልሞት ደረስኩ። እሱንም ተውኩት።

ውባለም፦ አሁን ገባኝ። ይስሙኝ፦ አፍንጫውን ብቻ የሚያመው ሰው አለ፤ ደረቱ ንጹሕ ነው፣ ያስነጥሳል፣ ይናፈጣል፣ ይኖራል። የእርስዎ እንደሱ አይደለም። የእርስዎ ከአስም ጋር የሚመጣው ነው። ሥጋው፣ ደረቱ፣ አስፕሪኑ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ናቸው። ይህኛው ዓይነት ሲብስ ከሰው አንድ ነገር ይወስዳል።

ይርሳው፦ ምን ይወስዳል?

ውባለም፦ ዓይንዎን ይጨፍኑ።

ይርሳው፦ ምን ልትሠሪኝ ነው?

ውባለም፦ ይህን ጥጥ ያሽትቱት። ምንድን ነው?

ይርሳው፦ አልኮል ነዋ! ክሊኒክ ውስጥ ሌላ ምን ይኖራል?

ውባለም፦ ውሃ ነው።

ይርሳው፦ እሱማ … እኔም ጠርጥሬ ነበር።

ውባለም፦ ይሄኛውስ?

ይርሳው፦ ይሄ ውሃ ነው።

ውባለም፦ በረኪና ነው፣ ጋሽ ይርሳው። እኔ ክንዴን ዘርግቼ ይዤው ዓይኔን ያቃጥለኛል።

ይርሳው፦ አንሺልኝ። በቃ፣ አንሺው።

ውባለም፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይርሳው፦ ቀስ እያለ ነው የሄደው። መጀመሪያ ወጥ ሲያር ሰው ሲጮህ ማወቅ ጀመርኩ። ከዚያ የዝናብ ሽታ ጠፋኝ። የልጅ ልጄን ስስማት እንኳ እንጨት የምስም ነው የሚመስለኝ። ለማን ልናገር? እጁ የተቆረጠ አናጢ ይታዘንለታል። አፍንጫው የሞተ የመጋዘን ሰው ግን መሳቂያ ነው።

ውባለም፦ ታዲያ መጋዘኑን በምን ሲከፍቱ ኖሩ?

ይርሳው፦ በልማድ። ቀኑን እቆጥራለሁ፣ በሮቹን ከፍቼ ነፋስ አሳልፋለሁ። ከዚያ እንደሚያሸት ሰው አንገቴን ሰበር አድርጌ እቆምና «ግቡ» እላለሁ። እስካሁን እግዜር ይዞልኛል።

ውባለም፦ እግዜርን እየተፈታተኑት ነው! ጤነኛ አፍንጫ እንኳ ለዚያ ጋዝ አይታመንም፤ ሳይሸት የሚገድልበት ጊዜ አለ። መለኪያ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው። እርስዎ ደግሞ አፍንጫም የለዎትም። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ? የሰው ልጅ ነፍስ እኮ ነው!

ይርሳው፦ ለዚህ አይደል መርፌ ያልኩሽ? ለዛሬ ብቻ ይከፈትልኝ። አንዴ አሽትቼ ልምጣ፤ ከዚያ እንኳን መድኃኒት መቃብርም ብትዪኝ እሺ።

ውባለም፦ ይህ በአንድ መርፌ ዛሬ አይከፈትም። ብዙ ሳምንት መታከም አለብዎት፤ ካልሆነም ሥጋው በቀዶ ጥገና ይወጣል።

ይርሳው፦ ልጄ፣ በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ! አንድ ነገር አድርጊልኝ።

ውባለም፦ ምን ያስጨንቅዎታል? ቀላል እኮ ነው። ይደውሉና «ዛሬ አይከፈትም» ይበሏቸው። መኪናው ይቁም፣ ባለቤቱም ይጩህ። ጩኸት ሰው አይገድልም።

ይርሳው፦ እሱማ … ልክ ነሽ።

ውባለም፦ ታዲያ ስልኩን ይዘው ምን ይጠብቃሉ?

ይርሳው፦ ሙሉሰው አለ፣ ከጫኞቹ አንዱ። አዲስ ነው፣ ገና ሳምንቱ። «ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ» አለ።

ውባለም፦ ዛሬ?

ይርሳው፦ ዛሬ። «የለም» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ጋሽ ይርሳው ያላሸተተውን አንተ ልታሸት ነው ብለው አላገጡበት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ልቤ እምቢ አለኝና ወዳንቺ ሮጥኩ።

ውባለም፦ ጋሽ ይርሳው፣ ይመልሱልኝ። ልጁ ያሸተተው የት ቆሞ ነው? በሩ ላይ?

ይርሳው፦ ከውስጥ ነው፣ ልጄ። ሁሉንም «ግቡ» ካልኳቸው በኋላ።